ወርቁ የጋራ ከሆነ ሕመሙም የጋራ ነው

 

ዛሬ የምጽፈው ስለ ሩጫ ነው፤ ስለ ሩጫ ብቻ ግን አይደለም። ባለፈው ስብሰባችን ላይ አንድ ሐሳብ ተነስቶ ሳንቋጨው ተበትነናል። ሐሳቡ "የመዋጮው ገንዘብ በየአካባቢያችን ለየብቻ ይሁን፤ ሁሉም የራሱን ሰው ይርዳ" የሚል ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ እንሰጥበታለን ተብሏል። እኔ ሰው በተሰበሰበበት ብዙ መናገር አይሆንልኝም። ጫጫታ ሲበዛ ቃሉ ይጠፋብኛል፤ ስለዚህ ጻፍኩት። አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ገንዘቡ መለያየት የለበትም። ምክንያቴን የማስረዳው ደግሞ ሁላችንም ከምናውቃቸውና ከምንወዳቸው ሰዎች ተነስቼ ነው፤ ከአትሌቶቻችን።

እዚህ አገር ስማችን የሚነሳው በሁለት ነገር ነው። አንዱ በቤት ሠራተኝነት፣ ሌላው በሯጭነት። የማሳድገው ልጅ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ "ሐበሾች በጣም ፈጣን ናቸው አሉ፤ አንቺም ትሮጫለሽ?" ብሎ ጠየቀኝ። "እንዴታ! ከኩሽና እስከ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ" አልኩት። ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ያን ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ስለ አገራችን ጥሩ ነገር ሲወራ መስማት ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። ስንት ቀን ስማችን በክፉ ሲነሳ ሰምተን አንገታችንን ደፍተናል።

የዱባይን ማራቶን ብቻ እንኳን ውሰዱ። ኃይሌ ገብረሥላሴ እዚሁ ከተማ በ2008፣ በ2009 እና በ2010 በተከታታይ 3 ጊዜ አሸንፏል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ እዚህ የለመድነው እሱን ነው።) ከ2012 እስከ 2025 በተካሄዱት የዱባይ ማራቶኖች ሁሉ በወንዶች አንደኛ የወጣው ኢትዮጵያዊ ነው። ታምራት ቶላ በ2017 አሸነፈ፤ ወንድሙ አብዲሳ ቶላ ደግሞ በ2023። ከሴቶቹ አሰለፈች መርጊያ በ2011 እና በ2012 አሸንፋ፣ ከዚያ ልጅ ወልዳ ተመልሳ በ2015 እንደገና አሸነፈች። ልጃችንን ለእናታችን ሰጥተን የመጣን ሴቶች የእሷን ድል በሌላ ዓይን ነው የምናየው። "ወለደች፣ አበቃላት" የሚለውን ወሬ እሷ በእግሯ መልሳለታለች።

ዲራ የወርቅ ገበያ ያለባት ሰፈር ናት። ኦፍ ስንወጣ በመስታወቱ ውስጥ የተደረደረውን ሐብል አይተን፣ ዋጋውን ጠይቀን፣ "ለሚቀጥለው ዓመት" ብለን እናልፋለን። የአትሌቶቹ ወርቅ ግን ዋጋ ሳይጠየቅ ሁላችንም "የእኛ" የምንለው ወርቅ ነው። ታዲያ ጥያቄዬ እዚህ ላይ ይጀምራል። "የእኛ" ስንል ማን ማን ማለታችን ነው?

እስኪ ወርቁ ከየት ከየት እንደመጣ እንቁጠር። አበበ ቢቂላ የሰሜን ሸዋ ልጅ፣ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር። በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። ጣልያን አገራችንን ወርራ የአክሱምን ሐውልት ወስዳ ሮም ላይ አቁማው ነበር። ውድድሩ ሊያልቅ ሲል አበበ አብሮት የነበረውን ሯጭ ጥሎ የሄደው እዚያው ሐውልቱ አካባቢ ነው ይባላል። አስቡት እስኪ፤ የሸዋ ልጅ ትግራይ ከቆመው ሐውልት ጉልበት ሲያገኝ። ምሩጽ ይፍጠር የአዲግራት ልጅ ነው፤ በ1980 ሞስኮ ላይ በ5 ሺህም በ10 ሺህም ሜትር ወርቅ አመጣ። ደራርቱ ቱሉ የበቆጂ፣ የአርሲ ልጅ ናት፤ በ1992 ባርሴሎና ላይ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሎምፒክ ወርቅ ባለቤት ሆነች። አልማዝ አያና ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ተነስታ በ2016 ሪዮ ላይ የ10 ሺህ ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። በ2024 ፓሪስ ላይ ያገኘናቸው 4 ሜዳሊያዎች የታምራት ቶላ፣ የትዕግሥት አሰፋ፣ የፅጌ ድጉማ እና የበሪሁ አረጋዊ ናቸው። ስማቸውን ብቻ ስሙት፤ ከአንድ መንደር የመጡ አይደሉም።

እነዚህ ሰዎች ሲያሸንፉ "ከየት ነው?" ብላ የጠየቀች አለች? የለችም። በዋትሳፕ ግሩፓችን ውስጥ ያን ቀን ባንዲራው፣ እልልታው፣ የልብ ምልክቱ ነው የሚጎርፈው። አንዲት እህት ታማ ለትኬት ገንዘብ ሲሰበሰብ ግን መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ "የየት ልጅ ናት?" የሚል ሆኗል። እኔን ያሳዘነኝ ይሄ ነው። ወርቅ ላይ አገር አንጠይቅም፤ በሽታ ላይ ወረዳ እንጠይቃለን።

አሁን "ስፖርት አንድ ያደርገናል" ብዬ ልደመድም የመሰላችሁ ካላችሁ ቆዩ። እንደዚያ አልልም፤ ምክንያቱም እውነት አይደለም። በ2022 አሜሪካ ኦሬገን በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና 4 ወርቅ አግኝተን በሜዳሊያ ከዓለም ሁለተኛ ወጣን። ለተሰንበት ግደይ በ10 ሺህ፣ ጉዳፍ ፀጋይ በ5 ሺህ፣ ጎተይቶም ገብረስላሴ በሴቶች ማራቶን፣ ታምራት ቶላ በወንዶች ማራቶን። ሦስቱ ሴቶች የትግራይ ልጆች ናቸው። በዚያ ጊዜ ትግራይ ስልክ ተቋርጦ ነበር። ዓለም ሁሉ ድሉን ሲያይ እዚያ ያለ ቤተሰብ ደውሎ "እንኳን ደስ ያለሽ" ማለት አይችልም ነበር። ያ ሁሉ ወርቅ ከመጣ በኋላም በነሐሴ ጦርነቱ እንደገና ተነሳ። የቆመው ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ሲፈረም ነው። ወርቅ ጦርነት አያቆምም። ያን ሸክም ሯጮቹ ላይ መጫን ግፍ ነው።

ፈይሳ ሌሊሳንም አትርሱ። በ2016 ሪዮ ላይ በማራቶን ሁለተኛ ሲወጣ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ ነው መስመሩን ያለፈው፤ በኦሮሚያ ሰው እየሞተ ነው ለማለት። ከዚያ በኋላ አገሩ የገባው በ2018 ነው። ያኔ ከእኛው መካከል "ድላችንን አበላሸው" ያለች ነበረች፣ "ልቤን ተናገረልኝ" ብላ ያለቀሰችም ነበረች። ሁለቱም በአንድ ክፍል፣ ከላይና ከታች አልጋ ላይ የሚተኙ ነበሩ።

ስለዚህ "ባንዲራ ያዢ፣ ዘምሪ፣ ያለፈውን እርሺ አትበሉኝ" የምትሉ እህቶች እውነት አላችሁ። እኔም የወልድያ ልጅ ነኝ። በ2021 ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ የእናቴን ድምፅ አልሰማሁም። ሳህን እያጠብኩ ስልኩን መደርደሪያ ላይ አቁሜ እሞክር ነበር፤ አይሠራም። የአዲግራት ልጅ የሆነች ጓደኛዬ ደግሞ ከእኔ በጣም ለረዘመ ጊዜ ጠብቃለች። ለሁለታችንም መልስ የሰጠን ሜዳሊያ አልነበረም። ሁለታችን ግን አንድ ነገር አድርገናል። የእኔ ስልክ መሥራት ሲጀምር እሷ አብራኝ አለቀሰች፤ የእሷ ሲሠራ እኔ አብሬያት አለቀስኩ። የማን ወገን ማንን እንደገደለ ሳንስማማ ነው ይህን ያደረግነው። እስካሁንም አልተስማማንም። መስማማት ሳይኖር መተዛዘን እንደሚቻል ያየሁት እዚያ ላይ ነው።

ሌላም ነገር አለ። "የእኛ ሰው" የሚባለው አጥር እኛ እንደምናስበው አይደለም። በፓሪሱ የሴቶች ማራቶን መጨረሻ ላይ ትከሻ ለትከሻ የተጋፉት ሁለት ሴቶች እነማን ነበሩ? ትዕግሥት አሰፋ እና ሲፋን ሐሰን። ሲፋን የአዳማ ልጅ ናት፤ በ15 ዓመቷ ተሰድዳ ኔዘርላንድ ገባች፣ የምትሮጠውም ለኔዘርላንድ ነው። በ3 ሰከንድ ቀድማ ወርቁን ወሰደች። ቲክቶክ ላይ የተሰደበችውን ስድብ አይታችሁታል። እኔ ግን እንዲህ አሰብኩ፦ ይህቺ ልጅ በ15 ዓመቷ ስትሰደድ ማን ነበር የሸኛት? ምን ይዛ ሄደች? እኛም እኮ ስደተኞች ነን። ወጥታ ያለፈላትን ስደተኛ "ከሃዲ" ካልን፣ ነገ ለእኛ ሲያልፍልን ምን ልንባል ነው?

ወደዚህ ወደ አረብ አገር ስትመጡ ደግሞ የዘነበች ቶላን ታሪክ ታገኛላችሁ። አርሲ ተወልዳ፣ የባህሬን ዜግነት ወስዳ፣ ስሟም ተቀይሮ ማርያም ዩሱፍ ጀማል ሆነች። በ2007 እና በ2009 በ1500 ሜትር ለባህሬን የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። ስሟን በመቀየሯ ያሟት ብዙ ናቸው። ግን እስኪ በእርጋታ እንጠያየቅ። ከመካከላችን ፓስፖርቷ ላይ ያለው ስም እናቷ ያወጣችላት ስም ያልሆነ የለችም? ደላላ "በዚህ ስም ሥራ አይገኝም" ብሎ ስም የለወጠላት የለችም? ማዳም "ስምሽ ይከብደኛል" ብላ በሌላ ስም የምትጠራት የለችም? አለች፤ ብዙ ነን። ስማችን ተቀይሮም ማንነታችን አልጠፋም። እንጀራውን በዚህ አገር ዱቄት ጋግረን እየበላን ነው። ለእኛ የፈቀድነውን ምሕረት ለእሷ መከልከል አይገባም።

ታዲያ ማንነት ባንዲራ ካልሆነ፣ ፓስፖርት ካልሆነ፣ ስምም ካልሆነ ምንድን ነው? እኔ በ10ኛ ክፍል ትምህርቴ ትልቅ ትርጉም መስጠት አልችልም። አንድ ያየሁትን ነገር ግን ልናገር እችላለሁ።

በ2004 አቴንስ ኦሎምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ውድድር ነበር። በኋላ ቪዲዮውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ያላያችሁት ፈልጋችሁ እዩት። ኃይሌ ገብረሥላሴ እግሩን ታሞ ነው የገባው። ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ጉልበት አላቸው፤ መሄድ ይችላሉ። ግን ዞር እያሉ ወደ ኋላ ያያሉ። "ኃይሌ የት ደረሰ? እየመጣ ነው?" የሚሉ ይመስላሉ። በኦሎምፒክ መሀል፣ ወርቅ ፊት ለፊታቸው ቆሞ፣ ወደ ኋላ እያዩ ይጠብቁታል። ኃይሌ ግን አልቻለም፤ አምስተኛ ወጣ። ቀነኒሳ አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ። ሦስተኛ የወጣው ዘርሰናይ ታደሰ ለኤርትራ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ሜዳሊያ አመጣ። ያቺ ትንሽ አገር ያን ቀን በዓለም ፊት ስሟ ተጠራ። ኤርትራውያን እህቶቻችን ዛሬም ሲያነሱት ዓይናቸው ይበራል። በ2024 ደግሞ ብንያም ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ ብስክሌት 3 ጊዜ አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ሲወስድ እኛም ከእነሱ ጋር ጨፍረናል። ባንዲራው የእኛ ባይሆንም ደስታው አልበዛብንም።

እኔን ግን ከሁሉም የሚነካኝ የቀነኒሳ ወደ ኋላ ማየት ነው። ኢትዮጵያዊነት ምንድን ነው ብትሉኝ ያንን ነው የማሳየው። ማሸነፉን አይደለም፤ ማሸነፍ የሌሎችም ነው፤ ኬንያም ያሸንፋል፣ ኡጋንዳም ያሸንፋል። ጉልበት ያለው ሰው የታመመውን ዞር ብሎ ማየቱን ነው። ቀነኒሳ ለኃይሌ ምንም ሊያደርግለት አልቻለም፤ ተሸክሞት አይሮጥ። ግን አየው። ጠበቀው። የሕመሙን ጊዜ ብቻውን እንዲሮጥ አልተወውም።

ከእኛስ ማን ናት ወደ ኋላ የቀረችው? ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ኦፍ የማትወጣው ናት። ስልኳን የተቀማችው ናት። ወገቧን ታማ ለማዳም ያልተናገረችው ናት። ደመወዟ 4 ወር የቆየባት ናት። ሞታ ሬሳዋ ወደ አገር የሚልከው ያጣችው ናት። ምሩጽ ይፍጠር በ2016 ካናዳ በስደት ሲሞት አስከሬኑ አገሩ ገብቶ አዲስ አበባ ተቀብሯል። ለሻምፒዮን የተደረገው ለቤት ሠራተኛም ይገባታል። እናቷ አፈር የምታለብሰው አካል ትፈልጋለች፤ የእናት ልብ ሜዳሊያ አይጠይቅም።

አሁን "ለየብቻ ይሁን" የምትሉትን እህቶች ምክንያት በሚገባ ልይ። አንደኛው "የማላውቀውን ሰው ቤተሰብ እንዴት አምኜ ገንዘብ እልካለሁ? የአገሬን ልጅ ቤት ግን አውቃለሁ" የሚል ነው። ይሄ የመተማመን ጥያቄ ነው፤ ተገቢ ነው። መልሱ ግን መለያየት አይደለም፤ ሒሳብ መያዝ ነው። የአገርሽ ልጅም እኮ ገንዘብ ሊበላ ይችላል፤ አጭበርባሪ ብሔር የለውም። ሁለተኛው "ከአንድ አካባቢ የመጣን ብዙ ስለሆንን ብዙ እናዋጣለን፤ ትንሾቹ ግን እኩል ይጠቀማሉ" የሚል ነው። እሱን ገልብጣችሁ እዩት። ከጋምቤላ የመጣች አንዲት ልጅ ብትኖረን፣ ለብቻዋ ከሆነች ሳጥኗ ውስጥ የሚኖረው የራሷ 50 ድርሃም ብቻ ነው። በታመመች ቀን ራሷን በራሷ ልትረዳ ነው? እድር ማለት ምን ሆነና? እድር ብዙዎቹ ለአንዱ የሚቆሙበት ነው። ሦስተኛው "በስብሰባ ሁሉ አማርኛ ብቻ ይነገራል፣ እኛ አይገባንም" የሚል ነው። ይሄኛው ትክክለኛ ቅሬታ ነው፤ መስተካከል ያለበትም እኛ ዘንድ ነው።

ስለዚህ "አይለይ" ብቻ ብዬ አልቆምም፤ ምን ይደረግ ለሚለው የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው። ገንዘቡ አንድ ይሁን፤ ግን ከሦስት የተለያየ አካባቢ የመጡ ሦስት ሴቶች ይያዙት፣ ሦስቱም ሳይፈርሙ አንድ ድርሃም አይውጣ። በየወሩ መጨረሻ ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ለማን የሚለው በቮይስ ይነገረን፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ እና በትግርኛ። ማንበብ የማትችል እህትም ትስማው። የመመዝገቢያ ወረቀታችን ላይ "ክልል" የሚለው ይሰረዝና በምትኩ "ችግር ቢመጣ የሚደወልለት የቤተሰብ ስልክ" ተብሎ ይጻፍ። በጭንቅ ቀን የሚያስፈልገን ክልሏ አይደለም፤ የእናቷ ስልክ ነው። ሐኪም ቤትም ሆነ ቆንስላ የምትሄድ እህት ቋንቋዋን የምታውቅ አንዲት ሴት ትመደብላት። በመጨረሻም ኦፍ የሌላቸውን ስም ዝርዝር እንያዝ፤ ኦፍ የምንወጣ ሰዎች ተከፋፍለን በሳምንት አንድ ጊዜ "እንዴት ነሽ?" ብለን ድምፅ እንላክላቸው። ወደ ኋላ ማየት ማለት ይሄ ነው።

ታምራት ቶላ ፓሪስ ላይ ሊሮጥ የታሰበ ሰው አልነበረም፤ ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ ጉዳት ሲያጋጥመው እሱ ተተክቶ ገባ፤ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። ከ2000ው ገዛኸኝ አበራ በኋላ በወንዶች ማራቶን የኦሎምፒክ ወርቅ አጥተን የቆየነው እንዲህ ነው የተመለሰው፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ቦታውን ሸፍኖ። አንዷ ስትታመም ሌላዋ ካልሸፈነች የእኛም ሩጫ ዳር አይደርስም።

እህቶቼ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ። ነገ ሐኪም ቤት አልጋ ላይ የምተኛው እኔ ብሆን ገንዘብ የሚያዋጣው ሰው መጀመሪያ ምን ብሎ እንዲጠይቅ ነው የምፈልገው? "የየት ልጅ ናት?" ወይስ "ምን ሆነች?" የእናንተ መልስ የእኔም መልስ እንደሚሆን ተስፋ አለኝ።

እንደየሃይማኖታችን አላህም እግዚአብሔርም በሰላም ለአገራችን ያብቃን።

እህታችሁ፣ ከዲራ